አዲስ ባለ 1000 ሲሲ ስፖርት ሞተር ገዛሁ፤ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ልያዘው?

ሰማያዊው ኩርባ፦

ሰላም ወገኖች። ስመኘው የኖርኩት ሞተር በመጨረሻ እጄ ገባ። ቢኤምደብሊው ኤስ1000አርአር ነው። አዲስ ነው፣ ማንም ሳይነዳው የተረከብኩት። ከዚህ በፊት ባለ 650 ሲሲ ነበረኝ፤ ስለዚህ ለሞተር እንግዳ አይደለሁም። ለእንዲህ ዓይነቱ ግን እንግዳ ነኝ።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 999 ሲሲ፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ 4 ሲሊንደሮች፣ 210 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 13,750 ዙር፣ ነዳጅ ሞልቶ 197 ኪሎ። እኔን የገረመኝ ግን ጉልበቱ ሳይሆን ገርነቱ ነው። ፍሪሲዮኑ ለስላሳ ነው። በ3,000 ዙር ቀስ ብሎ ሲሄድ አይነጥርም፣ አይንገጫገጭም። ይኼ ሁሉ ጉልበት የት ተደበቀ ያሰኛል። ዋናው መንገድ ላይ ወጥተህ ጋዙን ትንሽ ስታዞር ታገኘዋለህ። 80 የመሰለህ ፍጥነት 130 ሆኖ ታየዋለህ። 1ኛ ማርሽ ብቻውን ከ140 በላይ ይሄዳል። 6ኛ ላይ በ100 ስትጓዝ ሞተሩ ወደ 4,000 ዙር አካባቢ ነው። ጉልበቱ ካለበት ገና ሩቅ ነው ማለት ነው።

የእኔ እምነት ይኼ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ሞተር የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ሞተሩን በማወቅ ማሳለፍ አለበት። ማርሚታ በመቀየርና ኮምፒውተሩን በማስነካት አይደለም። ግን ከየት ልጀምር? የማለማመጃው ጊዜ ላይ ሁሉም የተለያየ ነገር ይላል። የሞላው ማስተካከያ ደግሞ መዓት ነው። ትራፊክ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ የእጄ አንጓም ያመኛል። የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ጋሽ ፍሬን፦

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። በሰላም ንዳው።

ከማለማመጃው ልጀምር፣ ብዙ ወሬ የሚበዛበት እሱ ስለሆነ። አዲስ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ፋሻና የሲሊንደሩ ግድግዳ ገና አልተዋወቁም። ፋሻው ግድግዳው ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ግፊት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሞተሩን እንደ ሕመምተኛ በ3,000 ዙር ብቻ መጎተት ጥሩ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቀዩ መስመር ማስጮህም ጥሩ አይደለም። ካምቢዮው አለ፣ ኩሽኔታዎቹ አሉ፣ እነሱም አዲስ ናቸው። መሃሉን ያዝ። ዙሩን ከፍ ዝቅ አድርገው። ጋዝ ስጥ፣ ከዚያ ልቀቅና ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይያዝልህ። በጣም የሚጎዳው ቀጥ ባለ ፈጣን መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት መንዳት ነው።

ያንተ ሞተር መመሪያ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ9,000 ዙር በታች ቆይ ይልሃል። አንድ ነገር ልብ በል። የዚህ ሞተር ነዳጅና አየር አስገቢ ቫልቮች ሁለት ዓይነት ካም (ቫልቩን እየገፋ የሚከፍተው ጉብ ያለ ብረት) አላቸው፣ ሺፍትካም የሚሉት። ለዝቅተኛው ዙር አንዱ፣ ለከፍተኛው ሌላው ይሠራል። መቀያየሪያው ደግሞ 9,000 ዙር ላይ ነው። ስለዚህ እስካሁን የነዳኸው የሞተሩን ግማሽ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ገና አላየኸውም። አትቸኩል፣ የትም አይሄድም።

የመጀመሪያውን ሰርቪስ በሰዓቱ አሠራ። የመጀመሪያው ዘይት ሲወጣ ቆመህ እይ፣ ከቻልክ። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት ካለ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ይዞ ታገኘዋለህ። በጣት ስታሸው ይላላል። እሱ ጤነኛ ነው፣ ብረት ከብረት ሲላመድ የሚወጣ ነው። ጥፍር የሚይዘው ስባሪ ካየህ ግን ያኔ ጥያቄ አለ።

ጠዋት ስታስነሳ አቁመህ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትሰጥ) አታሙቀው። አስነሳ፣ ጓንትህን አድርግ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ሂድ። የሙቀት መለኪያው እስኪወጣ ድረስ ዙሩን ዝቅ አድርገህ ያዝ። ሞተር በመሄድ ይሞቃል። ካምቢዮውም ጎማውም አብረው ይሞቃሉ።

ማርሽ ቀያሪዋ፦

እንኳን ደስ አለህ። ጋሼ ስለ ሞተሩ ጨርሰዋል። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ጎማና ፍሬን። እነሱም አዲስ ናቸው፣ ሰው ግን ይረሳቸዋል።

አዲስ ጎማ ላዩ ለስላሳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትሮች ቀስ በቀስ ነው የምታጋድለው። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ጨምረህ። የጎማውን ጠርዝ እይ። መሃሉ ደብዝዞ ጠርዙ ገና የሚያበራ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ገና አልተነዳም ማለት ነው። ሰው አይቶ "ይኼ ጎማውን አይጨርስም" ይለኛል ብለህ እሱን ለማጥፋት አትሩጥ። ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው የመዳፍህን በምታህል ቦታ ነው፣ ከፊትም ከኋላም። የምትሰጠው ጋዝና የምትይዘው ፍሬን ሁሉ በዚያች ቦታ ነው የሚያልፈው።

ጎማው ሳይሞቅ አትመነው። ለፍጥነት የተሠራ ጎማ ቀዝቃዛ ሲሆን ከተራ ጎማ ያነሰ ሊይዝ ይችላል። ንፋሱን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ለካ። ለብዙ ስፖርት ሞተሮች ለመንገድ ከፊት 2.5 ባር ከኋላ 2.9 ባር ነው የሚመከረው። ያንተን ከመመሪያው አረጋግጥ። የትራክ (የውድድር ሜዳ) ሰዎች ሲያጎድሉ አይተህ መንገድ ላይ አታጉድል። እነሱ በጎማ ማሞቂያ ነው የሚሠሩት።

ፍሬኑም እንዲሁ። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪላመዱ ጥርሱ አይሰማህም። ኋላ መኪና በሌለበት ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግመህ ያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ ድገም። በመጀመሪያው ቀን ድንገተኛ ፍሬን አትሞክር።

ስድስት መቶው፦

ወንድሜ፣ ደስታህን ማበላሸት አልፈልግም። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። 210 ፈረስ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል? ራስህ ጻፍከው፣ 1ኛ ማርሽ ብቻውን 140 ይሄዳል። ሌሎቹን አምስት ማርሾች ታዲያ የት ልትጠቀምባቸው ነው? ባለ 600 ሞተር ላይ ቢያንስ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽን ትጠቀማለህ። ክብደቱን በጋዝ ሳይሆን በሰውነትህ ታዞረዋለህ። ያስተምርሃል። ባለ 1000 ግን ስህተትህን በጉልበት ይሸፍነዋል። ኩርባ ውስጥ ቀስ ብለህ ገብተህ ቀጥ ስትል ጋዝ ትሰጣለህ፣ ፈጣን የሆንክ ይመስልሃል። ባለ 600 የሆነው ያማሃ አር6 ኤውሮፓ ውስጥ ለመንገድ መሸጡ የቆመው በፈረንጆቹ 2020 ነው። እኔ እስካሁን አዝናለሁ። ካዋሳኪ ባለ 636ቱንና ሆንዳ ሲቢአር600አርአርን ወደ ገበያ ሲመልሱ ነው የተጽናናሁት።

ሰማያዊው ኩርባ፦

እቀበላለሁ፣ ኩርባ ላይ ያልከው ልክ ነው። ግን ይኼን ሞተር የገዛሁት ጉልበቱን ሁሉ ልጨርሰው ብዬ አይደለም። ኤሌክትሮኒክሱ፣ ፍሬኑ፣ መሪው ላይ ያለው ትክክለኛነት፣ የማርሽ አቀያየሩ፣ ሁሉም የተሠሩት ለ200 ኪሎ ሜትር በሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። በ70 ስትሄድ ያ ሁሉ ጥራት ያንተ ነው። ፍሪሲዮን ሳልይዝ ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ስቀይር የሚሰማኝ ደስታ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም አለ።

ማርሽ ቀያሪዋ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ስድስት መቶው የሚለውን ግን በትራክ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለ 600 የያዘ ጎበዝ ልጅ ኩርባ ውስጥ ባለ 1000ዎቹን ሲያልፋቸው ይውላል። ቀጥታው ላይ መልሰው ያልፉታል። ኩርባው ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ ወንድማችን፣ ማለማመጃውን እንደጨረስክ የትራክ ቀን ተመዝገብ። ከመንገዱ ይልቅ እዚያ ነው ሞተርህን የምታውቀው። ከፊትህ የሚመጣ መኪና የለም፣ አሸዋ የለም፣ አንድ ኩርባ ቀኑን ሙሉ ደጋግመህ ትገባበታለህ።

ጋሽ ፍሬን፦

ስለ 600 እና 1000 ስትጨቃጨቁ የድሮው ትዝ አለኝ። ሱዙኪ በፈረንጆቹ 1985 ጂኤስኤክስ-አር750ን ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ። የትራክ ሞተር መብራትና ታርጋ ለብሶ መንገድ ላይ የወጣ ነበር። በ1992 ሆንዳ ፋየርብሌድን አመጣ። 893 ሲሲ፣ ደረቅ ክብደቱ 185 ኪሎ። በዚያን ጊዜ ትልልቆቹ ሞተሮች ከባድ ነበሩ። ይኼ ግን የባለ 600 ክብደት ይዞ የትልቁን ሥራ ሠራ። ከዚያ በ1998 ያማሃ አር1 መጣ። ቀጥሎ በ1999 የሱዙኪ ሃያቡሳ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትርን አልፎ ሄደ። ፖለቲከኞች ማጉረምረም ሲጀምሩ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተስማምተው በ299 ገደቡት።

ለምን አነሳሁት? በእነዚያ ሞተሮች ላይ የኋላ ጎማውን የሚቆጣጠረው የነጂው ቀኝ እጅ ብቻ ነበር። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለም፣ ትራክሽን ኮንትሮል (ጋዝ ሲሰጥ የኋላ ጎማው በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው) የለም። ኤቢኤስ ራሱ ሞተር ላይ የመጣው በ1988 በቢኤምደብሊው ኬ100 ነው፣ እሱም ትልቅ የጉዞ ሞተር እንጂ የስፖርት አልነበረም። በኩርባ ውስጥ ተጋድመህ የሚሠራው ኤቢኤስ የወጣው ደግሞ በ2013 ነው። ዛሬ አዲስ ሞተር የሚገዛ ልጅ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ያልነበረው ነገር አለው። እግዚአብሔር ይስጣቸው እላለሁ፣ ስንት ልጆች ናቸው በዚህ የተረፉት።

የረጅም መንገድ ሰው፦

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ኤሌክትሮኒክሱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ውስጡ አይኤምዩ የሚባል ነገር አለ። ሞተሩ ምን ያህል እንደተጋደመ፣ ፊቱ ምን ያህል እንደተነሳ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለካል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ጋዙን ይቀንሳል፣ ፍሬኑን ያላላል። ግን ጎማው የሚይዘው ያው ነው። የጎማው መያዝ ለመዞርም ለፍሬንም የሚከፈል አንድ ሒሳብ ነው። ለመዞር ከጨረስከው ለፍሬን የሚተርፍ የለም። አሸዋ ላይ፣ የፈሰሰ ናፍጣ ላይ ምንም ኮምፒውተር አያድንም።

ሞዱን፣ ማለትም የሚመረጠውን የአነዳድ ዓይነት በተመለከተ፣ የዝናቡ ሞድ ለዝናብ ብቻ አይደለም። ሲደክምህ፣ ሲመሽብህ፣ የማታውቀው መንገድ ላይ ስትሆን እሱን አድርግ። ጋዙ ይለዝባል፣ ጉልበቱም ቀንሶ ይመጣል። እኔ ረጅም መንገድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሱ ነው የምሄደው። ዘግይቼ ደርሼ አላውቅም።

ስለ አንጓህ፦ ክብደትህን በእጅህ ነው የተሸከምከው። የስፖርት ሞተር መሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ይደገፍበታል። ታንኩን በጉልበትህ ጥብቅ አድርገህ ያዝ። ሆድህንና ወገብህን አጥብቅ። ክርንህ መታጠፍ አለበት። ትክክል መሆኑን የምታውቀው እየሄድክ ጣቶችህን መሪው ላይ እንደ ፒያኖ ማንቀሳቀስ ስትችል ነው። ታንኩ ጎን ላይ የሚለጠፍ ጎማ ነገር ይሸጣል፣ ጉልበት እንዳያንሸራትት። ርካሽ ነው፣ ልዩነቱ ግን ብዙ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። እጅህ ካልጨበጠ መሪው ነፃ ይሆናል፣ ሞተሩም ጉድጓድ ሲመታ ራሱን ያስተካክላል።

ሙቀቱን ግን ልትለምደው ነው። በ13 ለ1 የሚያምቅ ሞተር ከእግርህ ሥር አለ። የጭስ ማጽጃውም እዚያው ነው። በትራፊክ ውስጥ ቆመህ ማራገቢያው ሲነሳ ያንን ሙቀት የሚተፋው ወደ እግርህ ነው። ወፍራም ሱሪ ልበስ፣ ለመውደቅም ለሙቀትም። መቆሙ ከረዘመ ሞተሩን አጥፋ። ነዳጁም 95 ኦክቴንና ከዚያ በላይ ይሁን። ታንኩ 16.5 ሊትር ነው፣ ፋብሪካው ለ100 ኪሎ ሜትር 6.4 ሊትር ይላል። አንድ ሙሉ ታንክ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋዝ ካበዛህ ከዚያ በታች። እኔ በ180 አካባቢ ማደያ መፈለግ እጀምራለሁ።

ገና ጀማሪ፦

ሰላም ለናንተ። ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ መንጃ ፈቃድ ገና አሁን ነው ያወጣሁት። ገንዘቡ አለኝ። በቀጥታ ባለ 1000 ብገዛና በዝናብ ሞድ ብማርበት ችግር አለው? ሁለት ጊዜ ከመግዛት አንድ ጊዜ መግዛት አይሻልም?

ጋሽ ፍሬን፦

ልጄ፣ ችግር አለው። እባክህ አትግዛ።

ማርሽ ቀያሪዋ፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅክ። ጋሼ ባጭሩ ያሉትን እኔ ልዘርዝረው።

አሜሪካ ውስጥ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በፈረንጆቹ 2007 ያወጣው ጥናት አለ። ከተመዘገቡት ሞተሮች ብዛት አንፃር ሱፐርስፖርት (እንዲህ ያለ ፈጣን ስፖርት ሞተር) የሚነዱ ሰዎች የሞት መጠን ከሌሎቹ ነጂዎች ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል ይላል። ይኼ በዝናብ ሞድ የሚፈታ አይደለም። ሞዱ ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ ዝቅ ያለውን መሪ፣ ብዙ የማይዞረውን የፊት ጎማ፣ በሁለት ጣት የሚነክሰውን ፍሬን አይቀይርም። ጀማሪ ሲደነግጥ ፍሬኑን ይጨብጣል። በ320 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ይኼ ሌላ ነገር ነው። ሲደነግጥ ጋዙንም ሳያውቅ ያዞራል፣ አንጓው ዝቅ ስለሚል።

ደግሞ ትማርበታለህ ወይ ነው ጥያቄው። ባለ 300 ወይም ባለ 400 ሞተር ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው አዙረህ ኩርባ መግባት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። መሪውን ወደ ግራ ለመዞር ግራውን እጀታ ወደ ፊት መግፋት እንዳለብህ ሰውነትህ ይማራል። ባለ 1000 ላይ እየፈራህ ትነዳለህ፣ በፍርሃት ውስጥ ደግሞ ሰውነት ይደርቃል፣ ትምህርት አይገባም። በኤውሮፓ ብዙ አገሮች ወጣት ነጂ መጀመሪያ ከ35 ኪሎዋት በማይበልጥ ሞተር እንዲቆይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ትንሿን ግዛ፣ ያገለገለች ብትሆን ጥሩ። ስትሸጣት ብዙም አትከስርም። የተረፈህን ገንዘብ ልብስ ላይ አውለው።

ስድስት መቶው፦

ማርሽ ቀያሪዋ ባለችው ላይ አንድም ቃል የምጨምረው የለኝም። ስለ ልብሱ ብቻ። ሄልሜት ኢሲኢ 22.06 የሚል የደኅንነት ምልክት ያለው፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ይሁን። ጭንቅላትህ ላይ አድርገህ ስታንቀሳቅሰው የጉንጭህ ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ከተንሸራተተ ሰፍቶሃል። ጓንቱ መዳፉ ላይ ጠንካራ ነገር ይኑረው፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያስቀድመው መዳፉን ነው። የጀርባ መከላከያው ደረጃ 2 ይሁን። ከቻልክ ሰው ሲወድቅ በአየር የሚነፋው ጃኬት ይጨመርበት።

ገና ጀማሪ፦

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ባለ 400 ላይ ወስኛለሁ።

ጋሽ ፍሬን፦

ተባረክ። ደስ አሰኘኸኝ። ስትገዛ እዚሁ ጻፍልን።

ዝምተኛ ማርሚታ፦

ወደ ዋናው ሰው ልመለስ። ማርሚታ አትቀይር ያልከውን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱንም ልንገርህ። በዛሬ ሞተር ላይ ማርሚታው ብቻውን የቆመ ዕቃ አይደለም። ውስጡ ቫልቭ አለ፣ የኦክስጅን መለኪያ አለ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚለካው በዚያ ነው። አውጥተህ ሌላ ስትሰካ የነዳጁ ልክ ይዛባል፣ በተለይ በዝቅተኛው ዙር። ያ የወደድከው የ3,000 ዙር ገርነት መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ማስነካት ይመጣል፣ ከዚያ የዋስትና ጥያቄ ይመጣል። ለ3 ወይም ለ4 ፈረስ። 210 ላይ 4 ቢጨመር ማን ያውቀዋል?

ደግሞ ጎረቤት አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው አለ። ሞተረኛ ሁሉ የሚጠላው በጩኸቱ ነው። ሞተር ከልባችን የምንወድ ሰዎች ይኼን ልናስብበት ይገባል።

የረጅም መንገድ ሰው፦

ጩኸት ሕይወት ያድናል የሚሉ አሉ እኮ። እኔ አልስማማም። በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ የሞተር አደጋ ጥናት አለ፣ የሃርት ሪፖርት የሚባለው። 900 አደጋ ቦታው ድረስ ሄደው ነው ያጠኑት። መኪና ከሞተር ጋር ሲጋጭ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ነው የሞተሩን መንገድ የሚዘጋው። ከፊት ለፊት መጥቶ መስቀለኛው ላይ ሲታጠፍ። ማለትም አደጋው ያለው ከፊት ነው፣ የማርሚታው ድምፅ ደግሞ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ከዚያው ጥናት ውስጥ የማይረሳኝ አንድ ነገር አለ። አደጋው ከመድረሱ በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው መስቀለኛ ስደርስ ሁልጊዜ ጋዝ የምለቀውና ሁለት ጣቴን ፍሬኑ ላይ የማሳርፈው። የመኪናውን የፊት ጎማ ነው የማየው። ሾፌሩ ቢያየኝም ባያየኝም ጎማው መዞር ሲጀምር ይናገራል። በ100 ስትሄድ በሰከንድ 28 ሜትር ነው የምትሄደው። አንድ ሰከንድ ዘግይተህ ፍሬን ከያዝክ 28 ሜትር ከእጅህ ወጥቷል።

ሰማያዊው ኩርባ፦

ይኼን ክር በመክፈቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ። የታንኩን ልጣፍ አደረግኩ፣ አንጓዬ ወዲያው ነው የቀለለኝ። አሁን የቀረኝ ሞላውና ካቴናው ነው። ሞላው ላይ የሚዞሩ ብሎኖች አሉ፣ ምኑን እንደምነካ አላውቅም። ጉድጓድ ላይ ፊቱ ይዘላል።

ማርሽ ቀያሪዋ፦

ሌላውን ሁሉ ተወውና በሞላው መጭመቂያ ጀምር። ፋብሪካው ሞተሩን ያስተካከለው ለማያውቀው ሰው ክብደት ነው። አንተ ከዚያ ሰው ትከብድ ይሆናል፣ ትቀል ይሆናል።

እንዲህ አድርግ። አንድ ሰው ይዘህ ና፣ ሁለት ቢሆኑ ይሻላል። የፊት አሞርዛተሩ በሚያበራው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰርበት፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ። ፊቱን አንሡት፣ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ። ማሰሪያውን ወደ ማኅተም ጎማው አስጠጋው። ከዚያ ሞተሩ ይውረድ። ሙሉ ልብስህን ለብሰህ፣ ሄልሜትህንም ጭምር፣ ቀስ ብለህ ተቀመጥና እንደምትነዳው ሁን፣ እግርህም መርገጫው ላይ። አንዱ ይደግፍህ። ቀስ ብለህ ውረድ። ማሰሪያው ስንት ሚሊ ሜትር ሄደ? ለመንገድ ከ30 እስከ 35 ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ መጭመቂያውን አጥብቅ፣ ካነሰ አላላ። ለኋላው ደግሞ ከጎማው መሃል እስከ መቀመጫው ሥር ቀጥታ ወደ ላይ ለካ፣ መጀመሪያ ኋላው ተነሥቶ፣ ከዚያ አንተ ተቀምጠህ። ልዩነቱ ነው የሚያስፈልግህ።

ሌሎቹን ብሎኖች፣ የመውረጃና የመመለሻ ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩትን፣ ከመንካትህ በፊት ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው አጥብቃቸውና ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳሉ ጻፍ። ከዚያ ወደነበሩበት መልሳቸው። መመለሻ መንገድ ሳይኖርህ አትጀምር። የሞላው አሠራር በኮምፒውተር የሆነ ሞተር ከሆነ እነዚህ ከስክሪኑ ነው የሚገኙት፤ የፊቱ መጭመቂያ ግን ያኔም በእጅ ነው።

ጋሽ ፍሬን፦

ካቴናውን እኔ ልውሰደው። ሰው ሁሉ የላላ ካቴና ይፈራል፣ የሚብሰው ግን በጣም የተወጠረው ነው። የኋላው ጎማ ወደ ላይ ሲወጣ ካቴናው ራሱ ይወጠራል። ቦታ ካልተውክለት የካምቢዮውን መውጫ ኩሽኔታ ነው የሚጎትተው። ያ ደግሞ ውድ ዕቃ ነው።

ልኩ መመሪያው ላይ አለ። ከታች በኩል መሃሉን በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ገፍተህ በማስመሪያ ለካ። ከዚያ ጎማውን ትንሽ አዙርና ድገም። ካቴና እኩል አያልቅም፣ የሆነ ቦታ ላይ ይጠብቃል። ልኩን የምትወስደው ከጠበቀው ቦታ ነው። ሲቆሽሽ በኬሮሲንና ለስላሳ ብሩሽ አጽዳ። ቤንዚን አትንካው፣ በመሃል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያደርቃቸዋል። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ገብቶ፣ በጨርቅ ካቴና የሚያጸዳ ሰው አይቻለሁ። ጣቱን ትቶ ነው የሄደው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእጅ እያዞርክ ብቻ። ቅባቱን ከጉዞ መልስ ካቴናው ሞቅ ሲል ቀባና አሳድረው።

ሌላ፣ ዘይት ስትጨምር የመኪና ዘይት እንዳትጨምር። ፍሪሲዮንህ የሚዋኘው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው። የመኪናው ዘይት እንዲያንሸራትት ተደርጎ ይሠራል፣ ፍሪሲዮኑም ያንሸራትታል። ጃሶ ኤምኤ2 የሚል ካየህ ለሞተር የተሠራ ነው። የፍሬኑን ዘይት ደግሞ በየ2 ዓመቱ። ብትነዳም ባትነዳም፣ ውሃ ከአየር ይስባልና።

ሰማያዊው ኩርባ፦

እናመሰግናለን ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ማርሽ ቀያሪዋ፣ ለካሁ። ፊቱ 24 ወጣ። ኋላው 31። እኔ ቀለል ያልኩ ሰው ነኝ፣ ለዚህ ነው መሰለኝ የሚዘለው?

ማርሽ ቀያሪዋ፦

አዎ፣ ለዚህ ነው። ላንተ ክብደት ሞላው ተጨምቆብሃል፣ ስለዚህ ጉድጓዱን አይውጥም፣ ይመልሰዋል። የፊቱን መጭመቂያ አንድ ሙሉ ዙር አላላና እንደገና ለካ፣ 30 እስኪገባ። ግራና ቀኙን እኩል ማዞርህን አትርሳ። ኋላው ጥሩ ነው፣ አትንካው። ከዚያ የምታውቀውን ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ንዳው። ሌላ ምንም ሳትቀይር። የተሰማህን ጻፍልኝና ወደ መመለሻው ብሎን እንሄዳለን።